‹‹አድራጊው ማነው?››፤ የወንጀል ልቦለድ አተራረክና የኦቾሎ ዱቡሻ

የወንጀል ምርመራ ልቦለድ በአገራችን ሁለት ዓይነት ዕድል አጋጥሞታል። አንባቢ ይወደዋል፤ ሐያሲ ይንቀዋል። መጽሐፍ አዟሪው በክንዱ ላይ ከደረደራቸው መካከል ሽፋኑ ቀድሞ የሚላላጠው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የመጨረሻ ገጹ ተገንጥሎ የሚጠፋው እሱ ነው። ገዳዩን ሳያውቅ የቀረ ስንት አንባቢ አለ! የሥነ ጽሑፍ ውይይት ሲነሣ ግን ‹‹የጊዜ ማሳለፊያ›› ተብሎ ይታለፋል። ለእኔ ይህ ዓይነቱ ድርሰት አንድ ከባድ ጥያቄ የሚያነሣ ይመስለኛል። ይኸውም የተሠወረ በደል ሲገለጥ ታሪኩን መናገር የሚገባው ማነው? የሚለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከሁለት ወገን ለማየት እሞክራለሁ። አንደኛው ወገን እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የበቀለው፣ ብቸኛና ምላሰ ደረቅ መርማሪ የሚተርከው ልቦለድ ነው። ሁለተኛው ወገን ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ በጋሞ ደጋ ዐለታማ አፋፍ ላይ የምትገኘው ኦቾሎ ናት። ሁለቱን ምን አገናኛቸው? የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ።

ከሳሎን ወደ ጎዳና

የዘርፉ መነሻ የሚባለው የኤድጋር አለን ፖ አጭር ልቦለድ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። ሸርሎክ ሆምስ በኮናን ዶይል ብዕር ብቅ ያለው ደግሞ በ1887 ነው። በነዚህ ድርሰቶች ታሪኩን የሚነግረን በአብዛኛው መርማሪው ራሱ ሳይሆን ወዳጁ ነው። ዶክተር ዋትሰን ሆምስ የሚያየውን ሁሉ ያያል፤ ግን አይገባውም። ደራሲው በዚህ ዘዴ ምስጢሩን እስከ መጨረሻው ቆልፎ ይይዛል። ወንጀሉ እንደ እንቆቅልሽ ነው። ‹‹አገር ስጠኝ›› ተብሎ መልሱ ከተነገረ በኋላ ቤቱ ወደ ቀድሞ ሰላሙ ይመለሳል።

ይህን ልማድ የሰበሩት በ1920 በተመሠረተው ‹‹ብላክ ማስክ›› በተባለው ርካሽ መጽሔት ላይ የጻፉ ሰዎች ናቸው። ከነሱ ዋነኛው ዳሽል ሐሜት ከደራሲነቱ በፊት ፒንከርተን በተባለው የግል የምርመራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ የሠራ ሰው ነበር። ሰው መከታተልን፣ በር ላይ ቆሞ ማምሸትን፣ ውሸታምን ማዳመጥን በሥራው ያውቀዋል። ‹‹ቀይ መከር›› የተባለውን ልቦለዱን በ1929፣ ‹‹የማልታው ጭልፊት››ን በ1930 አሳተመ። ሬይመንድ ቻንድለር በ1939 ‹‹ታላቁ እንቅልፍ››ን ይዞ ተከተለው። ዘርፉን እንግሊዝኛው ‹‹ሀርድ ቦይልድ›› ይለዋል፤ ጥሬ ፍቺው ጠንክሮ የተቀቀለ እንቁላል እንደ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ‹‹ደረቅ›› ብለው ደስ ይለኛል። ፖሊሶቻችንም ግድያንና ዝርፊያን የመሰለውን ‹‹ደረቅ ወንጀል›› ይሉታልና፣ አተራረኩንም ‹‹ደረቅ ትረካ›› ብንለው ከቤታችን የወጣ ስም ይሆናል።

ደረቅ ትረካ እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያው ዘዴ የአንጻር ጉዳይ ነው። ዋትሰን ተሰናብቶ ‹‹እኔ›› የሚለው መርማሪው ራሱ ይሆናል። አንባቢው ከእሱ አይቀድምም፤ በብዙም ወደ ኋላ አይቀርም። መርማሪው ሲመታ አንባቢውም ራሱን ይስታል፤ ሲዋሽም አብሮ ይታለላል። ቡልጋሪያ ተወልዶ በፓሪስ ይኖር የነበረው ጽቬታን ቶዶሮቭ በ1966 ባወጣው ጽሑፉ እንዳስረዳው፣ የመርማሪ ልቦለድ ሁለት ታሪኮችን ይይዛል። አንዱ ያለቀው የወንጀሉ ታሪክ ነው፤ ሌላው የምርመራው ታሪክ። በሆምስ ዘመን ሁለቱ ተለያይተው ይሄዳሉ፤ መርማሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስላለፈው ያስባል፤ ክፉ አያገኘውም። በደረቁ ትረካ ግን ወንጀሉ ገና አላለቀም። መርማሪው በጠየቀ ቁጥር ሌላ ሬሳ ይወድቃል፤ ጥያቄው ራሱ የአደጋው አካል ይሆናል።

ሁለተኛው ዘዴ ልብን አለመግለጥ ነው። ‹‹የማልታው ጭልፊት›› በሦስተኛ መደብ የተተረከ ቢሆንም ተራኪው ወደ ማንም ገጸ ባሕርይ አእምሮ አይገባም። የሳም ስፔድ የሥራ ባልደረባ መገደሉ የሚነገርበትን ቦታ እናስታውስ። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ስልክ ይጮሃል፤ የምንሰማው የስፔድን አጫጭር መልሶች ብቻ ነው። ከዚያም ደራሲው ስፔድ ሲጋራ ሲጠቀልል ጣቶቹ የሚያደርጉትን አንድ በአንድ ይዘረዝርልናል። አዘነ ወይስ አላዘነም? አልተነገረንም። ከእጁ ማንበብ የእኛ ፋንታ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ምልልስ ነው። ያለፈው ታሪክ የሚወጣው በደራሲው ሐተታ ሳይሆን በጥያቄና መልስ፣ በተለይም በውሸት መልስ ነው። አራተኛው አጨራረሱ ነው። በደረቁ ትረካ እውነቱ ይታወቃል፤ ከተማው ግን አይድንም። ቻንድለርማ ከዚህም አልፏል። በ1946 ‹‹ታላቁ እንቅልፍ›› ወደ ፊልም ሲለወጥ የሀብታሙን ቤተሰብ ሾፌር ማን እንደ ገደለው ፊልም ሠሪዎቹ ቢጠይቁት እሱም እንደማያውቅ መለሰላቸው ይባላል። ቀልድ ቢመስልም የዘርፉን ጠባይ ይነግረናል። ዋናው ነገር የእንቆቅልሹ መልስ መሆኑ ቀርቶ በር ለበር የሚዞረው ሰው የሚያየው ከተማ ሆኗል።

በአማርኛ ሲነገር

ይህ ድርሰት ወደ እኛ የገባው በብዙ በር ነው። ‹‹ፖሊስና እርምጃው›› ጋዜጣ የወንጀል ታሪክን ለብዙ ሰው አስለምዷል። ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን እየተረጎሙ አንድ ትውልድ አንባቢ አፍርተዋል። ይልማ ሀብተየስ ደግሞ ‹‹ሦስተኛው ሰው››ንና ‹‹የአበቅየለሽ ኑዛዜ››ን በመሳሰሉ ሥራዎች መርማሪውን አማርኛ ተናጋሪ አደረገው። ‹‹ኑዛዜ›› የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ለኑዛዜ አባትም፣ ለውርስም የምንጠቀምበት ቃል በወንጀል መጽሐፍ ሽፋን ላይ ሲቀመጥ የራሱ ክብደት አለው። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የበዓሉ ግርማ ‹‹ኦሮማይ›› የመርማሪ ልቦለድ አይደለም። ሆኖም በ1975 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ ለደረቁ ትረካ ከማንኛውም የአማርኛ ልቦለድ ይልቅ የቀረበ ይመስለኛል። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም በ‹‹እኔ›› ይተርካል፤ በአሥመራ መሸታ ቤቶችና በዘመቻው ቢሮዎች መካከል ይመላለሳል፤ ሰላዮች ይከቡታል፤ ሁሉን አያውቅም፤ የሚያውቀውንም ሁሉ አይናገርም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ስለዚህ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትልቁ ያልተዘጋ የምርመራ መዝገብ በልቦለድ ውስጥ ያለ ሳይሆን የደራሲው የራሱ ነው።

አማርኛ ለዚህ ትረካ ከእንግሊዝኛ የማይገኝ መሣሪያ አለው። የእንግሊዝኛው መርማሪ ሚሊየነሩንም ዘበኛውንም የሚጠራበት ተውላጠ ስም አንድ ነው። የአማርኛው መርማሪ ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ‹‹አንተ››፣ ‹‹አንቺ›› ወይም ‹‹እርስዎ›› ብሎ መምረጥ አለበት። በአንድ ጥያቄ መካከል ከ‹‹እርስዎ›› ወደ ‹‹አንተ›› ሲወርድ ሽጉጥ መምዘዝ አያስፈልገውም፤ ተጠያቂው ማዕረጉ እንደ ወደቀ በዚያች ቅጽበት ይረዳል። ሁለተኛው መሣሪያ ‹‹አሉ›› የምትለው ቃል ናት። በጨዋታችን መጨረሻ ላይ ስትገባ ‹‹እኔ አላየሁም፣ ሰምቼ ነው›› ማለት ናት። ደረቅ ተራኪ ከ‹‹አሉ›› ጋር መጣላት አለበት፤ ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ሳያምታታ መናገር ግዴታው ነው። ‹‹ተጠየቅ›› እየተባለ በዛፍ ጥላ ሥር ሙግት የሚገጠምበት አገር ደግሞ ለምልልስ ባዕድ አይደለም።

አገሩ ሁሉ ተራኪ ሲሆን

እዚህ ላይ ወደ ታሪክ ልግባ። ብቸኛ መርማሪ ለኢትዮጵያ ገጠር እንግዳ ነው። ሌባው ወይም ገዳዩ ባልታወቀ ጊዜ የሚመረምረው አገሩ ራሱ ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ሲጠራ ሰው ሁሉ በሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የተሰበሰበውም ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። አድራጊው ካልወጣ አገሩ ዕዳውን በጋራ ይከፍላል። ያየውን በገሃድ ለመናገር ለሚፈራ ሰውም ዘዴ ነበረው፤ ስሙ ሳይጠራ ‹‹ወፍ›› ሆኖ ቃሉን ያደርሳል። ዛሬም ‹‹ወፍ ነገረችኝ›› የምንለው ያንን ልማድ ያስታውሰኛል። ከዚህ ጎን ሌባ ሻይ ነበር፤ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቅና በየቤቱ እየተንገዳገደ የወደቀበት ቤት ባለቤት ጥፋተኛ ይባላል። ሌባ ሻይ ምስክር የሌለው ታሪክ ስለሆነ ተከልክሎ መቅረቱ የሚያስቆጭ አይደለም። አፈርሳታ ግን ትክክለኛ የአተራረክ ሥርዓት ነው። ተራኪው ብዙ ነው፤ ማንም ሙሉውን አያውቅም፤ ታሪኩ ከቁርጥራጭ ቃል ይገጣጠማል።

የኦቾሎ ዱቡሻ

ይህ የጋራ ትረካ ተራቅቆ የሚታየው በጋሞ ደጋ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የዘውዱ ሥርዓት በሚወድቅበት ሰሞን፣ በኦቾሎ ተቀምጦ የሸንጎውን ሥርዓት አጠና። ‹‹የፖለቲካ ሥፍራ›› የተባለውን መጽሐፉን በ1983 አሳተመ። የሚገርመው፣ ያው ሰው ኋላ የአውሮፓን ፓርላማና የፈረንሳይን ብሔራዊ ሸንጎ እንደዚሁ እየተቀመጠ ማጥናቱ ነው። ሰው ተሰብስቦ በቃል ነገር ሲቆርጥ እንዴት እንደሚታይ መጀመሪያ የተማረው በኦቾሎ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የመሰብሰቢያው ሥፍራ ዱቡሻ ይባላል። ደጅ ነው፤ ግድግዳና ጣራ የለውም። ስብሰባው በምርቃት ይከፈታል፤ ተናጋሪው ተነሥቶ በሰው ፊት ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል፤ ነገሩ ብዙ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ለእኛ ርእስ ዋናው ግን ‹‹ጎሜ›› የሚባለው ነው። ጎሜ ወግ ሲፈርስ የሚከተል መቅሠፍት ነው። ላም ትሞታለች፣ ልጅ ይታመማል፣ ዝናብ ይቀራል። ያን ጊዜ ‹‹ምን ሆነ?›› ተብሎ ሳይሆን ‹‹ምን ተደርጎ ነው?›› ተብሎ ይጠየቃል። ምርመራው ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ድንበር ተገፍቶ ይሆን? መሐላ ፈርሶ? ከወንድም ጋር ሳይታረቁ ተበልቶ? ሲገኝም ጥፋተኛው ራሱ በሰው ፊት ተናዝዞ፣ ክሶ፣ ታርቆ ነገሩ ይዘጋል።

ይህን ከሐሜትና ከቻንድለር አጠገብ ሳስቀምጠው አንድ አጥንት አያለሁ። ሁለቱም ከጉዳቱ ይነሣሉ፤ ሁለቱም ያለፈውን ከአንደበት ያወጣሉ። ልዩነታቸው ከተራኪው ነው። በሎስ አንጀለስ ፊሊፕ ማርሎው ብቻውን የሚዞረው ከተማው የሚሰበሰብበት ዱቡሻ ስለሌለው ነው። ፖሊሱ ተገዝቷል፤ ዳኛው የሀብታሙ ወዳጅ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም። የተበታተነውን ቃል የሚሰበስብ አንድ ሰው ይቀራል፤ እሱም እውነቱን ይዞ ባዶ ቢሮው ይገባል። በኦቾሎ ግን መርማሪው መናዘዣውን የሚያዘጋጀው ሕዝብ፣ ተራኪው ደግሞ ጥፋተኛው ራሱ ነው። የይልማ ሀብተየስን ርእስ ያነሣሁትም ለዚህ ነው። ለእኛ አንባቢ ወንጀል የሚዘጋው እጅ በካቴና ሲታሰር ብቻ አይደለም፤ ኑዛዜ ሲሰማ ነው።

ግን ዱቡሻን ብቻ አወድሼ ካለፍሁ ሚዛኔ ይጎድላል። በቀድሞው ሥርዓት በዚያ ደጅ ላይ ሁሉም እኩል አልተናገረም። ሴቶች አልተናገሩም። ሸክላ ሠሪዎቹና ቆዳ ፋቂዎቹ፣ ማና እና ደጋላ የሚባሉት፣ ከዜጋ አልተቆጠሩም። ያዩትን ሊናገሩ የማይችሉ ምስክሮች ነበሩ ማለት ነው። ደረቁ መርማሪ የሚበልጠው በዚህ ነው። እሱ የሚሄደው ወደ ዘበኛው፣ ወደ አሳላፊዋ፣ ወደ ሊፍት ሠራተኛው ነው፤ ሸንጎ ያልጠራቸውን ይጠይቃል። ጥሩ የአማርኛ የወንጀል ልቦለድ ከሁለቱም መማር ያለበት ይመስለኛል፤ ከዱቡሻው የጋራ ኑዛዜን፣ ከብቸኛው መርማሪ ያልተጠየቀን ሰው መጠየቅን።

በቀል የሚቆምበት ቦታ

‹‹ቀይ መከር›› የበቀል ሰንሰለት ነው። ስሙ የማይነገረው መርማሪ በሙስና የተበላች ከተማ ገብቶ ወንበዴዎቹን እርስ በርስ ያፋጃል። በመጨረሻም ደም መልመዱ ራሱን ያስፈራዋል። ከሐሜት ወዲህ የመጣው ሚኪ ስፒሌን ያንን ፍርሃት እንኳ አስቀርቶ በ1947 ባወጣው መጽሐፉ መርማሪውን ዳኛም ገዳይም አደረገው።

አሁን ወደ አርባ ምንጭ እንምጣ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በብዙ የጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያና መፈናቀል ደረሰ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲሰማ የተቆጡ ወጣቶች ወደ ጎዳና ወጡ። አድራጊዎቹ እዚያ አልነበሩም፤ ቁጣ ግን ቅርቡን ይይዛል። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። በአተራረክ ቋንቋ ስናየው ይህ ሴራውን ከመካከሉ መቁረጥ ነው። የበቀል ልቦለድ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ምዕራፍ ይጠይቃል፤ ሽማግሌዎቹ ያንን ምዕራፍ አስቀሩት። ‹‹አድራጊው ማነው?›› የሚለው ጥያቄ አልተረሳም፤ መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ በሌላ ሰው ደም እንዳይመለስ ተደረገ እንጂ።

አድራጊው ከታወቀ በኋላ

ኦቾሎ ሌላም መዝገብ አላት፤ ይህኛው የሐኪሞች ነው። በመንደሯ ብዙ ሰው ፊቱ ላይ ጠባሳ አለው። በሽታው በአማርኛ ቁንጭር የምንለው የቆዳ ሌሽማንያሲስ ነው። ተመራማሪዎች እንደ መርማሪ ከጠባሳው ተነሥተው ወደ ኋላ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1973 ተውሳኩ በኢትዮጵያ ስም ‹‹ሌሽማንያ ኤትዮፒካ›› ተብሎ ተሰየመ። ዋሻ ተፈተሸ፤ ዝንብ ተያዘ፤ በዝንቧ ሆድ የተገኘው ደም የማን እንደሆነ ተመረመረ። ተባባሪዎቹ ሁለት ሆነው ተገኙ። በዐለቱ ስንጥቅ የምትኖረው ሽኮኮ ተውሳኩን ታኖራለች፤ ከዋሻ እየወጣች የምትነድፈው ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ ወደ ሰው ታሻግረዋለች። ኦቾሎን ሠርቶ የጠበቃት ዐለት ራሱ የሁለቱ መሸሸጊያ ነበር። ማርሎው ቢሆን ኖሮ በመራራ ፈገግታ የሚያልፈው ዓይነት መልስ ነው።

መዝገቡ ግን አልተዘጋም። በ1992 እ.ኤ.አ. ጥናቱ እንደገና ተደረገ። በ2010ዎቹ መጨረሻም ሌላ ቡድን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሲመረምር ከግማሽ የሚበልጡት የበሽታውን ጠባሳ ተሸክመው ተገኙ። ከታወቀ አርባ ዓመት ያለፈው አድራጊ ገና ሥራ ላይ ነው። ይህ እውነተኛው የደረቅ ልቦለድ አጨራረስ ነው፤ እውነቱ ተገኝቷል፤ ከተማው አልዳነም።

በልቦለድ ውስጥ እንዲህ ያለውን መጨረሻ እንቀበላለን፤ እንዲያውም ደራሲው ስላላታለለን እናደንቀዋለን። በሕፃን ጉንጭ ላይ ሲሆን ግን መቀበል አይገባንም። እዚህ ላይ የኦቾሎ ሥርዓት ከቻንድለር ይልቅ ይበጀናል። በዱቡሻ ነገር የሚዘጋው ስም ሲጠራ አይደለም፤ ካሳው ሲከፈል ነው። ጥፋተኛው ሽኮኮና ዝንብ ሲሆኑ ሊናዘዙ አይችሉም። ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል፤ መድኃኒቱን በየመንደሩ ማድረስ፣ ጠባሳ ያለበትን ልጅ በትምህርት ቤት ከመሳለቂያነት ማዳን፣ በዋሻው አጠገብ ያለውን ቤት ማስጠበቅ የማን ሥራ ነው?

ወጣት ደራሲዎቻችን የወንጀል ልቦለድ ለመጻፍ ሲነሡ ኒው ዮርክን ከፊልም፣ ሎንዶንን ከትርጉም መጽሐፍ ባይፈልጉ ደስ ይለኛል። ጄምስ ሐድሊ ቼዝ የተባለው እንግሊዛዊ አሜሪካን በቅጡ ሳያውቅ በካርታና በመዝገበ ቃላት እየታገዘ እንደ ጻፈ ይነገራል፤ ተሳክቶለትም ብዙ ሸጧል። እኛ ግን ካርታ አያስፈልገንም። በዱቡሻ ያልተጠራ ምስክር አለን፤ በ‹‹እርስዎ›› እና በ‹‹አንተ›› መካከል የሚሠወር ውሸት አለን፤ ጠባሳው ታይቶ ካሳው ያልተከፈለ ጉዳት አለን። ይህን ሁሉ በደረቅ ዓይን አይቶ፣ ‹‹አሉ›› ሳይል የሚነግረን ተራኪ ቢገኝ የመጨረሻ ገጹ እንዳይጠፋ አንባቢው ራሱ መጽሐፉን አጥብቆ ይሰፋዋል።